ሕንድ እስኪደርስ

ልጄን የወለድኳት እኔ ነኝ። ኮምፒውተር ያስተማረቻት ሌላ ሴት ናት። ይህን ስጽፍ እንኳ ሁለተኛው ነገር ከበደኝ።

ሴትዮዋ በከተማችን በመካነ ኢየሱስ ሂሳብ ታስተምር ነበር። የታች ጋይንት ሰው ናት፤ እናቷን አርብ ገበያ ከተማ አቅራቢያ በሚገኝ ቀበሌ ትታ ለሥራ ወደ እኛ መጣች። አላገባችም፣ አልወለደችም። የተከራየችው ቤት ከእኛ በር ማዶ ነበር። ቤታቸው ኮምፒውተር ከነበራቸው ጥቂት የከተማችን ሰዎች አንዷ ነበረች። ልጄ ስምንተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን መጽሐፍ ልትመልስላት ሄደች። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እግሯ የሚያመራው ወደዚያ ሆነ። ምሳዋን ሳይቀር እዚያ ትበላ ጀመር። «ምን በላሽ?» ስላት «እትዬ ጋ በላሁ» ትለኛለች። እትዬ የምትላት እሷን ነው። የጠየቅኋት ግን የት በላሽ ብዬ አልነበረም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ ከዚያች ሴት ቤት ክፉ ነገር ይዛ አልመጣችም። ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ተመረቀች፣ ተመልሳም በወረዳው መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ተቀጠረች። ስንቷ እናት ልጇ በባዕድ በረሃ ቀርቶባት ስታለቅስ፣ የእኔ ልጅ ሲመሽ በሬን ከፍታ ትገባለች። ይህን አውቃለሁ፤ ሳመሰግን ኖሬያለሁ። ቢሆንም በመጀመሪያ ደመወዟ ለእኔ ነጠላ ገዛች፣ ለሴትዮዋ መጽሐፍ። ነጠላው መልካም ነው። ነጠላ ግን ማንም ለእናቱ ይገዛል። ያንን መጽሐፍ ለማግኘት ደብረ ታቦር ድረስ ሄዳ፣ አጥታው፣ ባሕር ዳር ለሚማር ሰው ልካ ነው ያስመጣችው።

ኋላ ሴትዮዋ ለከፍተኛ ትምህርት ሕንድ ሀገር ሄደች። እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። ነገሩ ባሰ። ቅርብ የነበረ ሰው ሲርቅ ናፍቆት ይጨመርበታል። በየሳምንቱ ይደዋወላሉ። ለእኔ ስለ ሥራዋ ስትነግረኝ «ሥራ ነበረብኝ፣ ጨረስኩ» ነው። ከእሷ ጋር ግን ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ሳቅ ነው። እኔ ጓዳ ሆኜ ሽሮዬን እያማሰልኩ እሰማለሁ። ምን እንዳሳቃት ብጠይቃት «ብነግርሽም አያስቅሽም፣ እማዬ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ለዚያም ነው የሚያመኝ።

ሁለቱ አብረው የሠሩት አንድ ነገር ነበር። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ተወላጆች በያሉበት ሆነው የሀገራቸውን ወሬ የሚያዩበት ድረ ገጽ ነው። ሐሳቡ የሴትዮዋ፣ ሥራው የልጄ። የታደሰ ቤተ ክርስቲያን ፎቶ፣ የተቆረጠ መንገድ ወሬ፣ የወገዳ ገበያ፣ ሠርግ፣ ምርቃት ይወጣበታል። ወሬውን የሚለጥፈው አርብ ገበያ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ትጉ ሰው ነው፤ ማንም ሳይከፍለው ይሠራል። ሴትዮዋም በዚያ በሰው ሀገር ራቷን ከበላች በኋላ ይህን ገጽ ሳትከፍት አትተኛም።

የምነግራችሁ በፍልሰታ ጾም አንድ ቅዳሜ የሆነውን ነው።

ከቅዳሴ ስመለስ ልጄን ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ቆማ አገኘኋት። ላፕቶፗ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። «እሺ፣ እሺ ጋሼ፣ እሞክራለሁ» ትላለች። ፊቷ እንደ ወትሮው አልነበረም። ስልኩን ስትዘጋ ነገረችኝ። የሴትዮዋ እናት በዚያ ሌሊት ዐርፈዋል። የደወለው የሴትዮዋ ወንድም ነው። ቀብሩም በዚያው ቀን ነው።

ነፍስ ይማር ብዬ አማተብኩ። እኚያን እናት አንድ ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ፤ ለልጃቸው ማር ይዘው መጥተው ለእኔም ቆርሰው ሰጥተውኛል።

ወንድምየው የደወለው ግን ለማርዳት ብቻ አልነበረም። ያ ትጉ ሰው ማለዳ የሟቿን ፎቶ በጥቁር ክፈፍ አድርጎ፣ ስማቸውንና የቀብራቸውን ቦታ ጽፎ ገጹ ላይ አውጥቶታል። ወንድሟ ልጄን የለመናት፣ እህቱ ማታ ከፍታ ሳታየው እንድታወርድለት ነው። ብቻዋን፣ ክፍሏን ዘግታ፣ የሚይዛት ሰው ሳይኖር እንዳታየው።

በእኛ ሀገር የሞት ወሬ ሁለት መንገድ አለው። ለቅርብ ሰው ጥሩንባ ይነፋል፤ የሰማ ሁሉ ሞፈሩን ጥሎ ይሮጣል፤ መዘግየት ነውር ነው። ለሩቅ ሰው ግን መርዶ ነው። መርዶ አይቸኮልም። ዘመድ ይመካከራል፣ ወሬው ይደበቃል፣ ባለ መርዶው በልቶ ተኝቶ እንዲያድር ይደረጋል። ሲነጋ ቄስና ሽማግሌ ሆነው ይሄዳሉ፣ ግራና ቀኙን ይይዙታል፣ ያን ጊዜ ይነገረዋል። ያ ሰው ድረ ገጹን ጥሩንባ አደረገው። ቀባሪ እንዳያንስ ብሎ ነፋው። ያው ጥሩንባ ሕንድ እንደሚሰማ ልቡ አላሰበም። እኔ አልፈርድበትም፤ ጥሩንባ ነው የለመደው።

«ታዲያ አታወርጅውም?» አልኳት።

«ቁልፉ እኔ ጋ የለም።»

ገጹ የተቀመጠበትን ኮምፒውተር የሚከፍተው የይለፍ ቃል በዚያ ሰው እጅ ነው። ሥራው እንዲቀለው ብላ ለእሱ ትታለት ነበር፤ እሱም ኋላ ለጥንቃቄ ብሎ ቀይሮታል። አሁን ሰውየው ከአስከሬኑ ጋር ወደ ቆላው ወርዷል። ኔትወርክ እዚያ አይደርስም። ቀብሩን ጨርሶ፣ ዳገቱን ወጥቶ አርብ ገበያ እስኪገባ ይመሻል። ሕንድ ላይ ደግሞ ቀኑ ከእኛ ቀድሞ ይመሻል።

ላፕቶፗ ላይ ጥቂት ጽፋ ስታበቃ ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች። እጇን እጄ ላይ አድርጋ ያደረገችውን ታስረዳኝ ጀመር። የድረ ገጹ ስም የተመዘገበው በእሷ ነው። ስሙን ጽፎ ለሚፈልግ ሰው ወደ የትኛው ኮምፒውተር እንደሚወስደው የሚያመለክት አንድ መዝገብ አለ። ወደ አንድ ቤት እንደሚመራ የመንገድ ጠቋሚ ነው። የቤቱ ቁልፍ ባይኖራትም ጠቋሚው በእጇ ነው። እሷም ጠቋሚውን ወደ ሌላ ኮምፒውተር አዙራዋለች፤ እዚያ ባለፈው ወር ያስቀመጠችው የገጹ ቅጂ አለ። የሞት ወሬ የለበትም።

«ካዞርሽው ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል?»

«ሁሉም ቦታ ባንድ ጊዜ አይዞርም፣ እማዬ። በየሀገሩ መንገድ የሚጠይቁ ኮምፒውተሮች አሉ። አንድ ጊዜ ከጠየቁ የተነገራቸውን ይይዙታል፤ ቶሎ ደግመው አይጠይቁም። እስኪረሱት ድረስ ሰውን የሚወስዱት ወደ ድሮው ቤት ነው።»

«መቼ ይረሱታል?»

«አንዱ ባንድ ሰዓት፣ አንዱ እስከ ነገ። የሕንዱን አላውቅም።»

እንዲህ አስረዝማ አስረድታኝ አታውቅም። እንደገባኝ ስታይ ዓይኗ በራ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን የታሰበኝ፣ ይህን ሁሉ የምታወራላት ሴት ዛሬ ልትጠራ ስለማትችል ተራው ለእኔ ደረሰ የሚለው ነው።

ላፕቶፑ ላይ የዓለም ካርታ አወጣች። የገጹን ስም ስትሰጠው በየሀገሩ ያሉትን ኮምፒውተሮች ይጠይቅላታል። አዲሱን መንገድ ያወቀው ሀገር ላይ አረንጓዴ ምልክት ይወጣል፤ የድሮውን የያዘው ላይ ቀይ ኤክስ። በመጀመሪያ ካርታው እንደ በርበሬ ስጥ ቀልቶ ነበር። ቆይታ ደግማ ጠየቀችው። ጀርመን አረንጓዴ ሆነ። ደቡብ አፍሪካም። አሜሪካ ግማሹ። ሕንድ ቀይ ነው።

ደግማ ጠየቀች። ቀይ።

እኔ ካርታውን ሳይሆን እሷን ነበር የማየው። ትንሽ ልጅ ሆና ስትፈራ እንደምታደርገው የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳለች። አንድ ዓመት እኔ ታምሜ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ከአልጋዬ አልተለየችም፤ መድኃኒቴን፣ ምግቤን፣ ሁሉን ችላለች። ያን ጊዜ ግን ይህን ፊት አላየሁባትም። ምናልባት እኔ ተኝቼ ሳለሁ ነበረ ይሆናል። ብቻ ያን ቀን ለሌላ ሴት ብላ ከንፈሯን ስትነክስ አየሁ። እናቷ በሞተችባት ሴት ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ውዳሴ ማርያሜን አንሥቼ ላነብ ሞከርኩ፤ አንዱን መስመር እየደጋገምኩ ቀረሁ።

«ካርታውም እኮ አያስተማምንም» አለች። «ሕንድ ትልቅ ሀገር ነው። እሷ ያለችበት ግቢ ውስጥ ምን እንደሚታይ አይነግረኝም። እዚያው ግቢ ያለ ሰው ቢኖር ክፈትልኝ እለው ነበር።»

እኔ እንዲህ ያለ ሰው አውቅ ነበር። የጽዋ ማኅበር ጓደኛዬ ልጅ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ ቄስም ነው። ልጄ ይህን አታውቅም፤ የማኅበራችንን ወሬ አትከታተልም። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ዝም አላልኩም። አፌን የከፈተልኝን አምላክ አመሰግነዋለሁ፣ በራሴ ኃይል ስላልነበረ።

ነጠላዬን ደርቤ በዚያ ጭቃ ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። የልጇን የስልክ ቁጥር በአስቸኳይ እንደምፈልግ ስነግራት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ።

«ለልጅሽ ልትጠይቂው ከሆነ አርፍደሻል። ቄስ ነው፣ ሚስት አለችው።»

«ለጸሎት ነው» አልኳት። ከዚህ የተሻለ አልመጣልኝም። ወሬው ደግሞ በእኔ አፍ እንዲዞር አልፈለግሁም።

«የእኛ ቄሶች ምን ጎደላቸውና ነው ሕንድ ድረስ የምትደውይ?» አለች። እየሳቀች ቁጥሩን ሰጠችኝ። ሴቶቹ እስከ ዛሬ በዚህ ይቀልዱብኛል፤ ጉንፋን ሲይዘኝ «ሕንድ ደውይ» ይሉኛል።

ቄሱን ከቤት ሆኜ ደወልኩላቸው። ልጄ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታዳምጣለች። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው፤ እናታቸው ደኅና መሆናቸውንም አስቀድሜ ተናገርኩ፤ ያልተለመደ ስልክ ያስደነግጣልና። ከዚያ የተወላጆቹን ገጽ ከፍተው የሚያዩትን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ምክንያቱን አልነገርኳቸውም። ከፈቱት።

«እዚህ ያለችው እህታችን እናት ናቸው?» አሉኝ።

«አዎን፣ አባቴ።»

«እሷ አላወቀችም።»

«አላወቀችም። ነገ ጠዋት በእርስዎ አፍ እንድትሰማው ነው የፈለግነው። ፎቶው ከዚያ ይጠፋል ብለናል፤ ለውጡ ግን እርስዎ ጋ ገና አልደረሰም።»

ብዙ ማስረዳት አላስፈለገም፤ የእስቴ ሰው ናቸው። ሴትዮዋ ቅዳሜ ቅዳሜ ላቦራቶሪ እንደምትውል፣ ማታ ሀበሾቹ ተሰብስበው የጾም እራት እንደሚበሉ፣ ከዚያ ወደ ክፍሏ እንደምትሄድ ነገሩኝ። እሳቸው በየጊዜው እየከፈቱ ሊያዩልን፣ ካልጠፋም እራቱ ላይ ሊያቆዩዋት ተስማሙ።

«ቅኔ ቤት ያደገ ሰው ወሬ አያልቅበትም» አሉ። በዚያ ሐዘን ውስጥ ሳቄ መጣ።

ከቀትር በኋላ ዝናቡ ወረደ፣ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ ባትሪው እንዳያልቅ ልጄ ታጠፋዋለች፣ ቆይታ ታበራዋለች፣ ካርታውን ትጠይቃለች፣ ታጠፋዋለች። ቄሱ አንድ ጊዜ ደወሉ። ፎቶው እንዳለ ነው። ሁለተኛም ደወሉ። እንዳለ ነው። ማታ እየቀረበ ሄደ፤ የእኛ ሳይሆን የእሷ ማታ።

እንዲህ ተቀምጠን ሳለ ቀኑን ሙሉ ሆዴ ውስጥ ሲመላለስ የነበረው ነገር ከአፌ ወጣ።

«እኔ ስሞት አንቺ ሰው ሀገር ብትሆኚ፣ ለአንቺ ይህን ሁሉ ማን ያደርግልሻል?»

ልጄ ዓይኗን ከላፕቶፑ አላነሣችም።

«እትዬ ናታ» አለች። «ሌላ ማን አለኝ?»

አላሰበችበትም። ጥያቄው ቀላል እንደሆነ ሁሉ መለሰችልኝ። ተነሥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። እንስራውን ያለ ምክንያት ከቦታው አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩት። በሞቴ ቀን እንኳ ያቺ ሴት ከልጄ ጎን ቆማ ታየችኝ። ልጄ ስትወድቅ ክንዷን ይዛ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ውኃ ሰጥታ። እኔ በሌለሁበት ቀን እዚያ ቦታ ላይ እሷ አለች። ጨክኜ ሌላ ሰው ላቆምበት ሞከርኩ። ወንድሜን አሰብኩ፣ አርጅቷል። የማኅበር ጓደኞቼን አሰብኩ፣ ልጄ ጓዳቸውን አታውቅም። ቦታው ባዶ ሆኖ ሲታየኝ ፈራሁ። መልሼ እሷኑ አቆምኳት።

ስመለስ ልጄ ካርታውን ወደ እኔ አዞረችው። ሕንድ ላይ አረንጓዴ ሆኗል። አላመነችውም፤ እኔም አላመንኩትም። ስልኩን እያየን ጠበቅን። ቄሱ ደወሉ።

«ፎቶው የለም። የታደሰው ቤተ ክርስቲያን በር ነው የሚታየኝ» አሉ።

እመቤቴን አመሰገንኩ። ልጄ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ቀብሩ ላይ ያልደረሰችውን ያኔ አለቀሰችው።

የቀረውን ቄሱ በኋላ ነግረውናል። ሴትዮዋ እራት ላይ መጣች። ደክሟት ነበር። ገጹን ወደ ክፍሏ እስክትሄድ እንኳ አልጠበቀችም፤ ከመካከላቸው ተቀምጣ ከአንዱ ኮምፒውተር ላይ ከፈተችው። እሳቸው የጠቀለሉትን ጉርሻ ወደ ሰሐኑ መለሱ። እሷ አየችውና «ዛሬስ ሰውየው ሰንፏል፤ ያለፈ ወር ወሬ ነው ያለው» ብላ ሳቀች። ከዚያ በላች። ሁለተኛ ጨምራ በላች። ገብታ ተኛች።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ሀበሾቹ ሁሉ ነጭ ለብሰው ወደ በሯ ሄዱ። ያን ያህል ሰው በማለዳ ነጭ ለብሶ ስታይ ምንም ሳይነግሯት አውቃለች። ይዘዋት ነበር።

ያ ትጉ ሰው ቅዳሜ ማታ አርብ ገበያ እንደገባ የልጄን መልእክት አግኝቶ ፎቶውን አነሣው። ከወንድምየው እግር ላይ ወድቆ ይቅርታ ጠየቀ ይባላል። ማንም አልተቆጣውም።

ሴትዮዋ ለእናቷ አርባ መጣች። እኔና ልጄ በደብረ ታቦር ዞረን በአውቶቡስ ሄድን። ድንኳኑ ውስጥ ስንገባ አስቀድማ ያየችው ልጄን ነው። ተቃቅፈው ብዙ አለቀሱ። እኔ ከኋላ ቆሜ ነጠላዬን አዘቅዝቄ አለቀስኩ። ለሟቿም ነው፤ ለራሴም ጥቂት ነበረበት።

ሰው ሲቀንስ ሴትዮዋ ራሷ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከስታለች። ለብዙ ዓመት ከሰላምታ በላይ ተነጋግረን አናውቅም።

«ቄሱ ሁሉን ነገሩኝ» አለች። «ያችን አንድ ሌሊት እናት እንዳላት ሰው ተኛሁ።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት። ከዚያ፣ ዝም ብል ዳግመኛ ማለት እንደማልችል ስላወቅሁ፣ ያሰብኩትን ተናገርኩ። የእኔ ቀን ሲመጣ ልጄ ሩቅ ከሆነች መርዶዋን በእሷ እጅ አደራ አልኳት።

ድንኳኑ በር ላይ ልጄ ከወንድምየው ጋር የውኃ ጀሪካን ይዛ ታልፋለች። ሁለታችንም አየናት።

«እኔ ብቀድምሽስ?» አለች። «አሁን እናቴም የለችም። ሬሳዬ ፊት ቆሞ የሚያለቅስ ልጅ የለኝም። በየማታው ወደ ቤትሽ ስትገባ በመስኮቴ ሳያት ኖሬያለሁ። ያን ቀን ልጅሽን ታውሺኛለሽ?»

በመስኮቷ ታያት እንደነበር አላውቅም ነበር። እኔ ጓዳዬ ውስጥ ሳቃቸውን ስቆጥር፣ እሷ በዚያ ቤት የበሬን መከፈት ስትቆጥር ኖራለች።

እሰጥሻለሁ ማለት ይገባኝ ነበር ይሆናል። ለሐዘንተኛ እንዲህ ነው የሚባለው። አልወጣልኝም።

«አውስሻለሁ» አልኳት።

እሷም «ይበቃኛል» አለች።